ስንት ልጅ እንውለድ? ባልና ሚስት በእግዚአብሔር ፊት ቁጭ ብለው እንዴት ይወስኑ

ሁለተኛዋ ልጃችን ዘጠኝ ወር ሲሞላት ነው ጥያቄው ቤታችን የገባው። ማታ ነው። ልጅቷ ደረቴ ላይ ተኝታለች፣ ግራ ክንዴ ደንዝዟል፣ እንዳትነቃብኝ ስል አልንቀሳቀስም። ባለቤቴ ቀስ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠና «ሦስተኛ እንጨምር እንዴ?» አለኝ። «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩት። «አዎ፣ እሱ ያውቃል» አለ። በቃ። ውይይቱ እዚያው አለቀ። እኔ «እግዚአብሔር ያውቃል» ያልኩት በሆዴ «ኧረ እኔ አልችልም» እያልኩ ነበር። እሱ ደግሞ «እሺ ብላለች» ብሎ ተረዳኝ። አለመግባባታችንን ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው፣ ያውም ተኳርፈን።

እግዚአብሔር እንደሚያውቅ ጥርጥር የለውም። ችግሩ እኛ ቃሉን መደበቂያ ማድረጋችን ነው። ብዙ የተጋቡ ክርስቲያኖችም እንደዚያው ሲያደርጉ አይቻለሁ። አንዱ «በእግዚአብሔር ታምኛለሁ» ብሎ ማሰብ ያቆማል። ሌላው «ማሰብ አለብን» ብሎ መጸለይ ያቆማል። ስንት ውለዱ አልላችሁም፣ ቁጥሩ የእናንተ ነው። የምነግራችሁ እኛ ዘግይተን የተማርነውን መንገድ ነው፤ እሱም ከቁጥሩ በፊት ምክንያቱን ማውጣት ነው።

ለየብቻ ጻፉ

ሁለት ወረቀት ያዙ። ልጆች ካሉ ይተኙ። ከዚያ ሳትነጋገሩ፣ ሳትተያዩ፣ ሦስት ነገር ጻፉ። ስንት ልጅ እንዲኖራችሁ ትመኛላችሁ? ምክንያታችሁ ምንድነው? የምትፈሩት ምንድነው? ሦስተኛው ላይ ቆይታችሁ ጻፉ፣ እውነቱ ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

የኔ ወረቀት ላይ ከሁሉ በፊት የጻፍኩት «አልችልም» የሚል ቃል ነበር፣ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። የእሱ ላይ ደግሞ «አባቴ ወንድ ልጅ ሳያይ እንዳይሞት» ይላል። ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ነገር አንድም ቀን አልነገረኝም። ሳነበው አዘንኩለት እንጂ አልተናደድኩም፣ እሱም የኔን ሲያነብ ዝም አለና ልጅቷን ከደረቴ ተቀብሎ ወስዶ አስተኛት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከባዱ ነው። የጻፋችሁትን ምክንያት በጸሎት ጮክ ብላችሁ ለእግዚአብሔር ንገሩት። ማሳመር የለም። «ጌታ ሆይ፣ ሌላ ልጅ የማልፈልገው ከወለድኩ ጀምሮ ጤነኛ እንቅልፍ ስለሌለኝና ያሉትን ልጆች እየጮህኩባቸው ስለሆነ ነው» ማለት ይቻላል። «ጌታ ሆይ፣ ሌላ ልጅ የማልፈልገው ሰው ጋር ሲታይ ኑሯችን ዝቅ እንዳይል ነው» የሚለውን ግን አፍ አውጥቶ መናገር ያቅታል። በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። «ልጅ የምጨምረው ባሌ እንዳይተወኝ ነው»፣ «የምጨምረው በቤተ ክርስቲያን እምነተ ሙሉ እንድባል ነው»። ብዙ መውለድ ሁልጊዜ እምነት አይደለም፣ ጥቂት መውለድም ሁልጊዜ ክህደት አይደለም። በጸሎት ስትናገሩት አንዳንዱ ምክንያት ይቆማል፣ አንዳንዱ ራሱ አፍሮ ይወድቃል። የቆመውን ያዙ።

ጥቅሶቹን ከነዙሪያቸው አንብቡ

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚወረወሩት ጥቅሶች ጥቂት ናቸው፣ ግን ብዙ ጊዜ በግማሽ ነው የሚነበቡት። ዘፍጥረት 1፥28 ላይ «ብዙ ተባዙ» ከሚለው ቃል በፊት «ባረካቸው» ይላል። ስድስት ቁጥር ወደ ላይ ብትወጡ ለዓሦችና ለወፎችም ያው በረከት ተሰጥቷል። እኔ ይህን የማነበው እንደ በረከት ነው፣ በየቤቱ የሚቆጠር ኮታ ሆኖ አልታየኝም። ነገር ግን በረከት የተባለውን ነገር እንደ ሸክም ብቻ ማየት ልክ እንዳልሆነም ይነግረኛል። ልጅን ገና ሳይመጣ በወጪ ብቻ የሚያሰላ ሰው ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ቢያነበው መልካም ነው።

መዝሙር 127 (በአንዳንዱ እትም 126) ልጆችን የእግዚአብሔር ስጦታ፣ በኃያል እጅ እንዳሉ ፍላጾችም ይላቸዋል። የመጨረሻው ቁጥር ላይ የዕብራይስጡ ንባብ የፍላጻ አፎቱን የሞላ ሰው ብፁዕ ነው ሲል፣ የግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም ደግሞ ምኞቱን የፈጸመ ይላል። ይህን ልዩነት ባወቅሁ ጊዜ ደስ ብሎኛል፤ አፎቱ ስንት ፍላጻ እንደሚይዝ በሁለቱም አልተጻፈም። ያው መዝሙር ሲጀምር ደግሞ እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ ሠራተኞች በከንቱ ይደክማሉ ይላል። ሠራተኞቹ ግን አሁንም ይሠራሉ።

ማቴዎስ 6 ስለ ሰማይ ወፎችና ስለ ሜዳ አበቦች የሚናገረው እውነት ነው፣ እኔም በእሱ ተጽናንቻለሁ። ያው ወንጌል ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ዲያብሎስ ኢየሱስን ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ሲለው፣ ጌታ አምላክህን አትፈታተነው ብሎ መመለሱን አትዝለሉት። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ደግሞ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን ክዷል ይላል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ስታነቡ፣ ለነገ አለመጨነቅና ለነገ አለማሰብ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ይገባችኋል።

የሟች ወንድሙን ሚስት ይዞ ዘሩን በምድር ያፈሰሰውን የአውናንን ታሪክ (ዘፍጥረት 38) በተመለከተ በእውነት ክርክር አለ። ከጥንት አባቶች ብዙዎቹ፣ በኋላም ሉተርና ካልቪን፣ ዘርን ማባከኑን ራሱን አውግዘዋል። ዛሬ ብዙ ተርጓሚዎች ጥፋቱን የሚያዩት ለሟች ወንድሙ ዘር ለመተካት እምቢ እያለ ሴትየዋን መጠቀሙ ላይ ነው። ሁለቱንም አንብባችሁ ከአስተማሪያችሁ ጋር ተወያዩበት።

አንድ ታሪክ ደግሞ ልቤን ይነካኛል፣ የራሔል። ያዕቆብን ልጆች ስጠኝ፣ አለዚያ እሞታለሁ ብላው ነበር። ዮሴፍን ወለደች። ሁለተኛውን ብንያምን ስትወልድ ምጥ በረታባትና በመንገድ ላይ ሞተች። መጽሐፍ ቅዱስ ምንም አልደበቀም፤ ስጦታው እውነት ነው፣ አደጋውም እውነት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችሁ ምን እንደምታስተምር እወቁ

ይህን «ሰዎች ሲሉ ሰምቻለሁ» በሚል አትለፉት፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። እስከ እ.ኤ.አ. 1930 ድረስ አብያተ ክርስቲያናት በጠቅላላ ማለት ይቻላል የወሊድ መከላከያን ይቃወሙ ነበር። በዚያ ዓመት የአንግሊካን ጳጳሳት በላምቤዝ ጉባኤያቸው፣ ግልጽ የሆነ የሕሊና ግዴታ ሲኖር፣ በውስን ሁኔታ ፈቀዱ። ያው ውሳኔ በራስ ወዳድነት፣ በምቾት ወይም በድሎት ምክንያት መከላከልን አጥብቆ አውግዟል። ከዚያ በኋላ ብዙ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተከተሉ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ፣ ኋላም በእ.ኤ.አ. 1968 በጳውሎስ 6ኛ፣ ሰው ሠራሽ መከላከያ እንደማይፈቀድ አስተማረች። ባልና ሚስት በቂ ምክንያት ካላቸው ጽንስ የማይያዝባቸውን ቀናት ተከትለው ማራራቅ ይችላሉ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በጥር 2015 እ.ኤ.አ. ከፊሊፒንስ ሲመለሱ ጥሩ ካቶሊክ ለመሆን እንደ ጥንቸል መውለድ አያስፈልግም ማለታቸውና ኃላፊነት ስላለበት ወላጅነት መናገራቸው ይታወሳል። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በእ.ኤ.አ. 2000 ባወጣችው ሰነድ ጽንስ የሚያስወርደውን ከማያስወርደው ለይታ ታያለች፤ ልጅን በራስ ወዳድነት ብቻ እምቢ ማለትን ግን ኃጢአት ትለዋለች። ከዚህ ጠበቅ ያለ አቋም ያላቸው የኦርቶዶክስ አባቶችም አሉ። ከወንጌላውያን ወገን ደግሞ ምንም ሳይከላከሉ ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ ለእግዚአብሔር የሚተዉ አሉ፤ በአሜሪካ እንቅስቃሴው ስሙን ያገኘው ከዚያው ከመዝሙር 127 አፎት ነው።

ልብ ካላችሁ፣ በዘዴው ላይ የማይስማሙት እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ሁሉም ምክንያታችሁን ይጠይቃሉ። ስለዚህ የነፍስ አባታችሁ ወይም መጋቢያችሁ ጋር ስትሄዱ «ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ወረቀቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

የእናትየዋን ሰውነት አድምጡ

እዚህ ላይ ለዘብ ብዬ መናገር አልችልም። አንዲት ወዳጄ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎባት፣ ሐኪሟ ሳትማከሪ እንዳታረግዢ ብሎ አስጠንቅቋት ነበር። አንድ ሰባኪ ግን የሐኪምን ቃል ከእግዚአብሔር ቃል በላይ አታድርጊ አላት። እሱ ያንን ብሎ ቤቱ ገባ። እሷ በሰባተኛው ወር ዓይኗ እየጨለመ ተወሰደች። ሁለቱም ተርፈዋል፣ ስሙ ይመስገን። ልጁን ግን ለብዙ ሳምንታት በማሞቂያ ክፍሉ መስታወት በኩል ነበር የምታየው፣ እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ። በሌላ ሰው ሰውነት ላይ እምነትን ማወጅ ቀላል ነው። ማንም ይሁን ማን፣ እንዲህ ያለ ምክር ሲሰጣችሁ አትቀበሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ቀጣዩን እርግዝና ከመሞከር በፊት ቢያንስ 24 ወር፣ ከውርጃ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 6 ወር መቆየትን ይመክራል። በኦፕራሲዮን የወለደች፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባት፣ ከወሊድ በኋላ ከባድ ድብርት ያገኛት እናት ከማንኛውም ውሳኔ በፊት ሐኪም ታማክር፣ ባልየውም አብሮ ይግባ። አብሮ ሲሰማው ነገሩ የሚስቱ ሰበብ ሳይሆን የሁለቱ ጉዳይ መሆኑ ይገባዋል።

ጡት ማጥባት በራሱ ያራርቃል፣ ሐና እንኳ ሳሙኤልን ጡት እስኪተው ወደ እግዚአብሔር ቤት አልወጣችም። ግን በግምት አይሆንም። ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መሟላት አለባቸው፦ ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ ከጡት ሌላ ምንም ካልወሰደ፣ የእናትየዋ የወር አበባም ካልተመለሰ። አንዱ ከጎደለ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ቀን ለምትቆጥሩ ደግሞ፣ የወንድ ዘር በሴት ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፣ እንቁላሏ ግን ቢበዛ አንድ ቀን ያህል ናት። የወር አበባ ዑደቷ ከ26 እስከ 32 ቀን በሆነ ሴት ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን ያለው ጊዜ እርግዝና ሊፈጠርበት ይችላል። ዑደቷ የሚዛባ ከሆነ ይህ አይሠራላትም፣ ባለሙያ ያሳያት።

ሕሊናችሁ የሚያስጨንቃችሁ መከላከያው ጽንስ ይነካል ወይ የሚለው ከሆነ፣ ሐኪሙን በቀጥታ ጠይቁት፦ «ይህ የሚሠራው ዘርና እንቁላል ከመገናኘታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ኮንዶም እንዳይገናኙ ያግዳል። በብዛት የሚሰጠው ኪኒን በዋናነት እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል። ስለ ሌሎቹም በዝርዝር አስረዱኝ በሉ፣ ማፈር የለም። ማህፀንን ለዘለቄታው ስለማስቋጠር ግን አንድ ነገር ልበል። ምጥ ላይ ሆናችሁ አትወስኑ። ከወራት በፊት ተነጋግራችሁ፣ ጸልያችሁ፣ ተረጋግታችሁ ካልሆነ በቀር ይቆይ።

ያላችሁን ቁጠሩ

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል ብዙዎችን አጽናንቷል፣ ግን ልጅ የሚያድገው በወላጆቹ ጊዜና ጉልበትም ነው። በእግዚአብሔር መታመን ሲነሳ በእንግሊዝ አገር የብሪስቶሉ ጆርጅ ሙለር ይጠቀሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከ10 ሺህ በላይ ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳደገ፣ ለማንም እርዱኝ ሳይል በጸሎት ብቻ የኖረ ሰው ነው። የሚረሳው ነገር ግን ሒሳብ አያያዙ ነው። የገባውንና የወጣውን እየመዘገበ በየጊዜው በዝርዝር ያሳትም ነበር። ጸሎቱና መዝገቡ አልተጣሉም። እናንተም የምትጸልዩበትን ነገር በቁጥር እወቁት። ገቢያችሁ ስንት ነው፣ ዕዳ አለባችሁ ወይ፣ አንዳችሁ ሥራ ብታቆሙ ምን ይሆናል? ከዚያ ጎደለን የምትሉትን ስሙን ጠርታችሁ ለምኑ።

ከገንዘቡ በላይ ግን ጊዜውን ቁጠሩ። ሱዛና ዌስሊ 19 ልጆች ወልዳለች፣ ታዋቂው ሰባኪ ጆን 15ኛው ነው። ብዙ ውለዱ የሚሉ ሰዎች ስሟን ይጠሩታል። ከልጆቿ ግማሽ ያህሉ በሕፃንነታቸው እንደሞቱ፣ ባሏም በዕዳ እንደታሰረ ግን አብሮ አይነገርም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ ማታ ለይታ ለብቻው ታዋራው ነበር። የጆን ሐሙስ ነበር። አድጎ ከቤት ከወጣ በኋላም ያንን የሐሙስ ማታ እየናፈቀ ለእናቱ ጽፎላታል። እኔና ባለቤቴ ይህን ካነበብን በኋላ ጥያቄያችን «ስንት ልጅ ማብላት እንችላለን?» መሆኑ ቀረና «ለስንት ልጅ ማታ አለን?» ሆነ።

ካልተስማማችሁ

አንዱ ይፈልጋል፣ አንዱ አይፈልግም። ይህ በብዙ ቤት አለ። መጀመሪያ የማይደረገውን ልንገራችሁ፦ መከላከያን በድብቅ መውሰድ፣ በድብቅ ማቆም፣ መኝታን መቅጫ ማድረግ። 1ኛ ቆሮንቶስ 7 መለየት እንኳ በስምምነት፣ ለጊዜው፣ ለጸሎት ብቻ ይሁን ይላል፤ ባል በሚስቱ ሰውነት፣ ሚስትም በባሏ ሰውነት ላይ ሥልጣን እንዳላቸው እኩል ነው የሚናገረው። እኛ የተስማማንበት ደንብ ይህ ነበር። የምትሸከመው፣ የምትወልደው እሷ ስለሆነች «ገና ነኝ» ካለች ይጠበቃል። እሷም «ገና» ማለት እስከ መቼ እንደሆነ ቀን ትሰጣለች። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ሁለታችንም እንደገና እንጽፋለን። እኛ ለሁለት ዓመት ወሰንን፣ ከዚያ በፊት ግን በወንድ ልጅ ጉዳይ አማቼ ጋር ሄዶ ያነጋገረው ባለቤቴ ራሱ ነው። ነገሩን በእኔ ላይ አልጣለውም። ያንን አልረሳለትም።

ለሌላ ሰው አስተያየት የሚሰጥ መልስ አጭር ይሁን። «ጸልየንበታል፣ አመሰግናለሁ» ይበቃል። ወረቀታችሁን ለዘመድ ሁሉ ማስነበብ የለባችሁም።

ልጅ ለማግኘት ለምትለምኑም

«በእግዚአብሔር ብትታመኑ ይሰጣችኋል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን ተብለው ከተመሰከረላቸው በኋላ ነው ልጅ የላቸውም የተባለው፣ ሉቃስ 1ን ክፈቱለት። ያለ መከላከያ 12 ወር ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ 6 ወር፣ ሁለታችሁም ተመርመሩ። ሁለታችሁም ነው ያልኩት። በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወቱ ይህ ችግር ያገኘዋል፣ ብቻችሁን አይደላችሁም።

ሳታስቡት ከመጣ

ሁለት ዓመት እንቆይ ብለን ወስነን በሰባተኛው ወር አረገዝኩ። ደነገጥን፣ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተቀበልነው። በ11ኛው ሳምንት ደግሞ ጨነገፈብኝ። መቀበሌንም ማዘኔንም ለእግዚአብሔር ነው የነገርኩት፣ ሁለቱንም ችሏል። ስለዚህ ወረቀት ላይ የጻፋችሁት ነገር ቢፈርስ ጸሎታችሁ አልተሰማም ብላችሁ አትደምድሙ። ልጁ ከመጣ ደግሞ «አንተ እንኳ ሳናስብህ ነው የመጣኸው» የሚለውን ቃል በቀልድ እንኳ አትናገሩት። ልጅ ይሰማል፣ ይዞትም ያድጋል።

ወረቀቶቹን አትጣሏቸው። በዓመት አንድ ቀን ለይታችሁ አውጧቸው፣ እንደገና አንብቡ፣ የተለወጠውን ከታች ከነቀኑ ጻፉ። የእኛዎቹ ያሉት በመጽሐፍ ቅዱሳችን የኋላ ሽፋን ውስጥ ነው። ባለፈው ስናወጣቸው ሦስተኛዋ ልጃችን የኔን ነጥቃኝ ጀርባው ላይ ቤት ሳለችበት፣ በሩ ከግድግዳው የሚበልጥ ቤት። ገና ማንበብ አልጀመረችም። ስላ ስትጨርስ ተቀበልኳትና ያንን ቀን ጻፍኩበት።